ውሻችን መድኃኒት ቢውጥስ? ስድስቱ የዜና ጥያቄዎች በመጀመሪያ ርዳታ ላይ

የዜና አጻጻፍ ትምህርት ስንጀምር በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ የሚጻፉት ስድስት ቃላት ናቸው፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን እና እንዴት። ብዙዎቻችን እነዚህን ጥያቄዎች ለፈተና እንሸመድዳቸዋለን፤ ከዜና ውጪም ሌላ ጥቅም ያላቸው አይመስለንም። ይሁን እንጂ አንድ የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት የዋጠ ውሻ ሲመጣለት ከባለቤቱ አፍ መስማት የሚፈልገው የእነዚሁኑ ጥያቄዎች መልስ ነው። መልሱ የተሟላ ከሆነ ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል። ካልተሟላ ግን ሐኪሙም በግምት ይሠራል፤ ውሻውም በግምት ይድናል ወይም በግምት ይሞታል።

ውድ አንባቢያን፣ "ደግሞ የውሻ ነገር በጋዜጠኝነት ክፍል መጽሔት ላይ ምን ይሠራል?" የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ እንዲህ ነው። በየሰፈራችን ውሻ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። ቡቺም ይባል ቦቢ፣ እኛ ስንተኛ ነቅቶ የሚጠብቀን እሱ ነው። መድኃኒት የሌለበት ቤትም እንዲሁ ጥቂት ነው። የእናት የደም ግፊት፣ የአባት የስኳር፣ የነፍሰ ጡር እህት የብረት ክኒን፣ የሁላችንም ፓራሲታሞል ትራስ ሥር፣ ኮመዲኖ ላይ ወይም ቦርሳ ውስጥ ይገኛል። ውሻና ክኒን በአንድ ግቢ እስከኖሩ ድረስ አንድ ቀን መገናኘታቸው አይቀርም። በአሜሪካ በእንስሳት ላይ የሚደርሰውን ጭካኔ ለመከላከል የተቋቋመው ማኅበር የመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል አለው። ይህ ማዕከል በየዓመቱ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ የሰው መድኃኒት ከዋና ዋናዎቹ የእንስሳት መመረዝ ምክንያቶች ተርታ ነው። የእኛ አገር ውሻ ደግሞ ከዚያኛው የተለየ ሆድ የለውም።

ይህ ጽሑፍ ሐኪምን አይተካም። ዓላማው ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ ድረስ ባለው ጊዜ ምን እንደሚደረግና በተለይ ምን እንደማይደረግ ማሳየት ነው። በስድስቱ ጥያቄዎች ቅደም ተከተል እንሂድ።

ማን?

በዜና ውስጥ "ማን" ሲባል ስም፣ ዕድሜና ሥራ ነው። እዚህ ግን ከሁሉ የሚቀድመው ክብደት ነው። አንድ ክኒን ለ30 ኪሎ ውሻ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ያችው ክኒን ለ3 ኪሎ ቡችላ ግን ሌላ ታሪክ ናት። የውሻዎን ክብደት የማያውቁ ከሆነ ማወቂያው ቀላል ነው። ውሻውን ታቅፈው ሚዛን ላይ ይውጡ፤ ቁጥሩን ይያዙ። ከዚያ ብቻዎን ይውጡና ይቀንሱ። ከውሻው ጋር 68፣ ብቻዎን 60 ከሆነ ውሻው 8 ኪሎ ነው ማለት ነው። ይህን አደጋ ከመድረሱ በፊት አንድ ቀን አድርጎ ቁጥሩን ጽፎ ማስቀመጥ ይመከራል። አደጋው ከደረሰ በኋላ ሚዛን ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት መሮጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ከክብደቱ ቀጥሎ ዕድሜው፣ ያረገዘች ወይም የምታጠባ መሆኗ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት መሆኑ፣ ሌላ መድኃኒት እየወሰደ መሆኑ ለሐኪሙ ይነገራል።

"ማን" የሚለው ጥያቄ አንድ ሌላ ነገርም ያስታውሰናል። ግቢው ውስጥ ሁለት ውሾች ካሉና የትኛው እንደበላ ካልታወቀ፣ የጠፋውን መድኃኒት በሙሉ እያንዳንዳቸው እንደበሉት ተቆጥሮ ሁለቱም ይታያሉ። ድመት ካለች እሷም ትፈተሽ። ድመት ፓራሲታሞልን ከውሻ በባሰ ሁኔታ አትችለውም፤ አንዲት ክኒን ልትገድላት ትችላለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወለል ላይ የተበተነ ክኒን ባለበት ቤት የሚድህ ሕፃን ካለ መጀመሪያ የሚታየው የሕፃኑ አፍ ነው።

ምን?

የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስም ግማሽ ሕክምና ነው። "ነጭ ክኒን ነበር" ማለት ግን ምንም አለማለት ነው፤ ነጭ ያልሆነ ክኒን ስንት ነው? እዚህ ላይ የእኛ አገር አንድ ችግር አለ። ብዙ ጊዜ መድኃኒት የሚሰጠን ከዋናው ማሸጊያ ወጥቶ፣ ተቆጥሮ፣ በትንሽ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ ከረጢት ነው። ስሙና አወሳሰዱ ከላይ በእጅ ይጻፋል። ውሻው የሚቀዳደው ደግሞ ይህንኑ ከረጢት ነው፤ ስሙም አብሮ ይበላል።

በምኖርበት ሰፈር የደረሰ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ለቲቢ መከላከያ የታዘዘላቸውን መድኃኒት መስኮት ላይ አስቀምጠው ቡና ለመጠጣት ጎረቤት ሄዱ። ሲመለሱ ከረጢቱ ተቦጫጭቆ ውሻቸው በረንዳ ላይ ይንገዳገዳል። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ "ወተት! ወተት አምጡ" አለ፤ ሌላው ዘይት ይሻላል አለ። ሁለቱም ተሰጠው። የመድኃኒቱን ስም የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም "የሳንባ ነው ያሉኝ" ከማለት ያለፈ አላወቁም። ባጃጅ ተገኝቶ ክሊኒክ ይወሰድ ሲባል ውሻው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። መንገድ ላይ ሞተ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እማማ መድኃኒታቸውን ውሻ እንደበላባቸው ለጤና ባለሙያ መናገር አፈሩ። "ምን ይሉኛል ልጄ" እያሉ ሁለት ሳምንት ያለ መድኃኒት ተቀመጡ። በኋላ የጎረቤት ልጅ ይዛቸው ሄዳ ተተካላቸው እንጂ ኪሳራው ድርብ ሊሆን ነበር። ስለዚህ ይህ ይሰመርበት፦ መድኃኒትዎን ውሻ ከበላው በማግስቱ ወደ ሰጠዎት ጤና ተቋም ሄደው ይንገሩ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሕክምናው እንዲቋረጥ ማድረግ ግን ለራስም ለሌላውም አደገኛ ነው።

አሁን በየቤታችን ወደሚገኙት መድኃኒቶች እንምጣ።

ሀ) ፓራሲታሞል። "ምንም አያደርግም" የምንለው መድኃኒት ነው። በውሻ ላይ ግን ከመጠን ሲያልፍ ጉበትን ይመታል፤ ደሙም ኦክስጅን መሸከም እስኪያቅተው ድረስ ይለወጣል። ድዱ ወደ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሄዳል፤ ፊቱና እግሩ ሊያብጥ፣ ትንፋሹ ሊፈጥን ይችላል።

ለ) አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና መሰል የሕመም ማስታገሻዎች። ጨጓራን ያቆስላሉ፤ መጠኑ ከፍ ሲል ኩላሊትን ይጎዳሉ። ማስታወክ፣ ደም የተቀላቀለበት ትውከት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ምልክቶቻቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ክኒኖች ላያቸው በስኳር የተለበጠ በመሆኑ ውሻ እንደ ከረሜላ ይወዳቸዋል።

ሐ) አይሶናያዚድ፣ ለብቻውም ሆነ ከሌሎች የቲቢ መድኃኒቶች ጋር ተቀላቅሎ። ለውሻ እጅግ አደገኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ከላይ የተነገረው ውሻ ላይ የታየውም ይኸው ምልክት ነው።

መ) ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት ክኒን። ብረት ሲበዛ የአንጀትን ግድግዳ ያቃጥላል፤ ከዚያም ልብንና ጉበትን ይጎዳል። አታላይ ጠባይ አለው፦ ውሻው መጀመሪያ ያስታውካል፣ ቀጥሎ የተሻለው ይመስላል፣ ከዚያ በድንገት ይወድቃል።

ሠ) እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ የስኳር ሕመም ክኒኖች። የውሻውን የደም ስኳር ያወርዱታል። መዛል፣ መንገዳገድ፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይከተላል።

ረ) እንደ አምሎዲፒን፣ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች። ግፊቱን ከልክ በላይ ይጥላሉ። ለትንሽ ውሻ ጥቂት ክኒን ይበቃል።

ሰ) የአስም ሕሙማን የሚስቡት ሳልቡታሞል። ውሻ ቆርቆሮውን ነክሶ ሲበሳው ብዙ መጠን በአንድ ጊዜ ይገባበታል። ልቡ ከመጠን በላይ ይመታል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየምም ይወርዳል።

ሌላው ተደብቆ የሚኖረው ጠላት ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ነው። ስኳር የሌላቸው ማስቲካዎችና አንዳንድ ሽሮፖች ውስጥ ይገባል። ሰውን አይጎዳም፤ የውሻን ቆሽት ግን ብዙ ኢንሱሊን እንዲረጭ አድርጎ የደም ስኳሩን በፍጥነት ይጥለዋል። ስለዚህ ሽሮፕ ከሆነ መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ማጣፈጫውንም ያንብቡ።

ሁሉም ክኒን ገዳይ ነው ማለት ግን አይደለም። ለምሳሌ ጥቂት አሞክሲሲሊን የዋጠ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ከማስታወክና ከተቅማጥ አያልፍም። የሚለየው ግን ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ምን ያህል?

ይህች ጥያቄ ከስድስቱ ውስጥ የለችም፤ ነገር ግን ጥሩ ሪፖርተር "ብዙ ሰው" አይልም፣ ቁጥር ያመጣል። ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦ የክኒኑ ሚሊ ግራም በዋጠው ክኒን ብዛት ይባዛል፣ ለውሻው ክብደት ይካፈላል። የቅድሙን 8 ኪሎ ውሻ እንውሰድ።

ሁለት ባለ 500 ሚ.ግ ፓራሲታሞል ቢውጥ 1000 ሚ.ግ ነው። ለ8 ሲካፈል በኪሎ 125 ሚ.ግ ይሆናል። በውሻ ላይ የጉበት ጉዳት የሚያሰጋው በኪሎ ከ100 ሚ.ግ ገደማ ጀምሮ ስለሆነ ውሻው አደጋ ውስጥ ነው።

አራት ባለ 400 ሚ.ግ አይቡፕሮፌን ቢውጥ በኪሎ 200 ሚ.ግ ይሆናል። ጨጓራው ከዚህ በጣም ባነሰ መጠን ይታወካል፤ በኪሎ ከ175 ሚ.ግ ገደማ በላይ ሲሆን ደግሞ ኩላሊቱ ያሰጋል።

ሁለት ባለ 300 ሚ.ግ አይሶናያዚድ ቢውጥ በኪሎ 75 ሚ.ግ ይሆናል። ይህ መድኃኒት በኪሎ ከ50 ሚ.ግ ገደማ ጀምሮ ሊገድል ይችላል። እንግዲህ ሁለት ክኒን ብቻ!

እያንዳንዳቸው 60 ሚ.ግ ንጹሕ ብረት ያላቸው አሥር የብረት ክኒኖች ቢውጥ በኪሎ 75 ሚ.ግ ይደርሳል። ከ60 በላይ ከባድ መመረዝ ተብሎ ይያዛል።

ማሳሰቢያ፦ እነዚህ ቁጥሮች "ከዚህ በታች ከሆነ ተኙ" ለማለት አይደለም። ውሻ እንደ ሰው ሁሉ ይለያያል። ቁጥሩ የሚያገለግለው በስልክ ለሐኪሙ ለመንገርና ምን ያህል መቸኮል እንዳለብን ለማወቅ ነው። ስንት እንደተዋጠ በትክክል ካልታወቀ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ ከነበረው ላይ የተረፈው ተቀንሶ ትልቁ ቁጥር ይያዛል።

መቼ?

ጋዜጠኛ "በቅርቡ" ብሎ አይጽፍም፤ ሰዓቱን ይጽፋል። እዚህም እንደዚያው ነው። "ከምሳ በኋላ" ከማለት "8 ሰዓት ላይ ወጣሁ፣ 9 ሰዓት ከሩብ ስመለስ ተበልቶ አገኘሁት" ማለት ይሻላል። ምክንያቱም ሐኪሙ መድኃኒቱን በማስታወክ ለማውጣት የሚያስበው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው አንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ከጨጓራ ወደ አንጀት፣ ከአንጀት ወደ ደም አልፏል።

ሰዓቱ ሌላም ነገር ይናገራል። አይሶናያዚድ በደቂቃዎች ውስጥ ምልክት ሊያሳይ ሲችል፣ ፓራሲታሞል ጉበት ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ሊታይ ይችላል። አይቡፕሮፌን የጎዳው ኩላሊትም ቀናት ይፈጅበታል። "ይኸው ጅራቱን እየቆላ ነው፣ ምንም አልሆነም" የሚለው አነጋገር ብዙ ውሻ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። ምልክት እስኪታይ መጠበቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

የት?

"የት" ሁለት መልስ አለው። አንደኛው አደጋው የደረሰበት ቦታ ነው። ውሻው የተገኘበትን ቦታ ዞር ዞር ብሎ ማየት፣ የወደቁ ክኒኖችን፣ የተቀደደውን ከረጢትና ትውከት ካለም ትውከቱን በላስቲክ መያዝ ያስፈልጋል። ትውከት ውስጥ ያልሟሙ ክኒኖች ሊቆጠሩ ይችላሉና አይጣል።

ሁለተኛው የሚወሰድበት ቦታ ነው። በከተማ የግል የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ፤ በየወረዳው የመንግሥት የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አለ። እርግጥ የወረዳዎቹ ዋና ሥራ ከብትና በግ ነው፤ ቢሆንም ባለሙያው ውሻንም ያያል። ቢሾፍቱ የሚገኘውና በ1979 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያና መቀሌ ዩኒቨርሲቲዎችም የእንስሳት ሕክምና ያስተምራሉ። ስለዚህ በአቅራቢያችሁ ያለውን ክሊኒክ ስልክ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ መዝግቡ። በተለይ "በእሑድና በማታ ማን ይገኛል?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ውሻ የሥራ ሰዓት አይቶ ክኒን አይበላም።

ለምን?

"እኔ የምወስደው መድኃኒት እንዴት ውሻን ይገድላል?" ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ጉበት ሰባብሮና ለውጦ ያስወጣዋል። ይህን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከእንስሳ እንስሳ ይለያያሉ። የሰው ጉበት አይሶናያዚድን የሚያስወግድበት ዋነኛ መንገድ አለው። ውሻ ግን በተፈጥሮው ይህን መንገድ የሚከፍተው ኢንዛይም የለውም። ስለዚህ መድኃኒቱ ውሻው ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ለአንጎል መረጋጋት የሚያስፈልገውን የቫይታሚን ቢ6 ሥራ ያበላሻል፤ መንቀጥቀጡ ይመጣል። ማርከሻውም ራሱ ቫይታሚን ቢ6 ነው፤ ሐኪም በደም ሥር ይሰጠዋል። አያችሁ፣ የመድኃኒቱ ስም ቢታወቅ ኖሮ ለእማማ ውሻ የሚፈለገው ነገር ስም ነበረው ማለት ነው። የፓራሲታሞል ማርከሻም አሴቲልሲስቴይን ይባላል።

የእንስሳት ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል ጥንብ አንሳዎች በብዛት አለቁ። በ2004 እ.ኤ.አ. ምክንያቱ ታወቀ፦ ለከብት ይሰጥ የነበረው ዳይክሎፌናክ ነው። ከብቱ ሲሞት ሥጋውን የበሉት ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየከሸፈ ሞቱ። ሦስቱ አገሮች በ2006 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ። ለላም ፈውስ የሆነው ለአሞራ መርዝ ነበር። "ለኔ ሲስማማኝ ለውሻዬም ይስማማዋል" የሚለው አስተሳሰብ ስህተትነቱ እዚህ ላይ ነው። አውቀው፣ አዝነውለት፣ ላነከሰ ውሻ አይቡፕሮፌን የሚሰጡ ሰዎችም ይህንኑ ልብ ይበሉ።

እንዴት?

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። ውሻው መድኃኒት መዋጡ ሲታወቅ፦

1ኛ) ይረጋጉ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ውሻውን ከቦታው ያርቁት፤ የቀረውን መድኃኒት ያንሱ፤ ልጆችንና ሌሎች እንስሳትን ያስወጡ።

2ኛ) ውሻውን ይዩት። ነቅቷል? ይተነፍሳል? መቆም ይችላል? የሚፈቅድልዎ ከሆነ ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ድዱን ይዩ። የጤነኛ ውሻ ድድ አብዛኛውን ጊዜ ሮዝ ነው። በጣት ተጭነው ሲለቁት ነጣ ብሎ በሁለት ሰከንድ ገደማ ቀለሙ ይመለሳል። ከነጣ፣ ከሰማየ፣ ከጠየመ ወይም ቢጫ ከሆነ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ድዳቸው በተፈጥሮ ጥቁር የሆኑ ውሾች ላይ የዓይኑን ቆብ ውስጠኛ ክፍል ማየት ይቻላል።

3ኛ) ከረጢቱን፣ ማሸጊያውን፣ የሐኪም ማዘዣውን ይያዙ። ክኒን ይቁጠሩ፤ ሰዓት ይመዝግቡ።

4ኛ) ሐኪም ጋ ይደውሉ። "8 ኪሎ ውሻ ነው፣ ሁለት አይሶናያዚድ ባለ 300፣ የዛሬ 20 ደቂቃ ውጧል፣ አሁን ይንገዳገዳል" ይበሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እንደ ዜና መግቢያ ሁሉንም ይዟል። ስልክ የሚያነሳ ከጠፋ ሌላ ሳይጠብቁ ይዘውት ይሂዱ።

5ኛ) ሐኪሙ ሳያዝዝ አያስታውኩት። በአንዳንድ አገሮች ሐኪም በስልክ ሲፈቅድ 3 በመቶ የሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሰጣል፤ መጠኑን ግን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ከ3 በመቶ የበረታው ጉሮሮና ጨጓራ ያቃጥላል፤ ለድመት ጭራሽ አይሰጥም። ውሻው ከደከመ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም አፍንጫው አጭር ከሆነ ትውከቱ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። እንደ አይሶናያዚድ መንቀጥቀጥ የሚያመጣ መድኃኒት ሲሆንም ቤት ውስጥ ማስታወክ አደጋ አለው።

6ኛ) እየተንቀጠቀጠ ከሆነ እጅዎን አፉ ውስጥ አያስገቡ። ምላሱን አይውጠውም። የሚጎዳውን ዕቃ ከአጠገቡ ያርቁ፤ ድምፅና ብርሃን ይቀንሱ፤ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይያዙና ይዘውት ይሂዱ።

የማይደረጉትስ?

ወተት። በአገራችን ለመርዝ ሁሉ መድኃኒቱ ወተት ይመስለናል። ወተት ግን ክኒንን አያረክስም። የሚሰጠው አንድ ነገር ቢኖር "የሆነ ነገር አደረግን" የሚል መጽናኛ ነው፤ በዚያ መጽናኛ ግማሽ ሰዓት ይጠፋል።

ዘይት። ሳንባ ውስጥ ከገባ ሌላ በሽታ ይጨምራል።

ጨው በውኃ። ብዙ ጨው ራሱ ውሻን ይመርዛል።

ጣት ጉሮሮ ውስጥ መክተት። ጉሮሮውን ያቆስላል፤ እርስዎም ይነከሳሉ።

ከሰል። ሐኪሞች የሚሰጡት ልዩ ዝግጅት የተደረገለት ከሰል ነው፤ ከምድጃ የሚወጣው ያንን አይሠራም። የሐኪሙም ከሰል ቢሆን ብረትን አይዝም።

በመጨረሻ አንድ ከባድ ነገር አለ። ለሃጭ የሚያዝረበርብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ጠባዩ የተለወጠ ወይም የሚንቀጠቀጥ ውሻ ሁሉ መድኃኒት የዋጠ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለ። ውሻው ያልተከተበ ከሆነና መድኃኒት ስለመዋጡ ማስረጃ ከሌለ በባዶ እጅ አይንኩት፤ ለባለሙያ ይንገሩ። ከነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስል ላይ ካረፈ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥበው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ይህ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ አይድንምና ነገ ማለት የለም።

ሳይቃጠል በቅጠል

መከላከሉ ብር አይጠይቅም። መድኃኒት የሚቆለፍ ሳጥን ወይም ከፍ ያለ የሚዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ትራስ ሥርና መስኮት ላይ ለውሻ ከፍታ አይደሉም። መድኃኒት የያዘ ቦርሳ ወለል ላይ አይቀመጥ። መድኃኒት ቤት ሲሰጡን ስሙንና ሚሊ ግራሙን በግልጽ እንዲጽፉልን እንጠይቅ፤ ቤት ስንደርስ ደግሞ ስሙን በሌላ ወረቀት ወይም በስልካችን በፎቶ እንያዝ። ጊዜው ያለፈበትን ክኒን ግቢው ጥግ ባለ ቆሻሻ ላይ አንጣል፤ ወደ መድኃኒት ቤት ወስደን አወጋገዱን እንጠይቅ። ክኒን ሲወድቅ "የት ገባች?" ብለን ፈልገን እናንሳት፤ ካላገኘናት እሱ ያገኛታል።

ለእኛ ለተማሪዎችስ?

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮ የማይሰማ ቤት የለም። ስለ ምርጫ፣ ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ሁሉም ያውቃል። ወተት ክኒንን እንደማያረክስ ግን በዚያን ቀን ከተሰበሰበው ሰው አንዱም አያውቅም ነበር። ያንን ማሳወቅ የማን ሥራ ነው? ሐኪሙ ያውቃል፤ ክሊኒኩ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚያውቀው። ከክሊኒኩ ወደ በረንዳው የሚያደርሰው መንገድ የእኛ ሙያ ነው።

እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ስንሠራ ሦስት ነገር ብንይዝ ይበጃል እላለሁ። አንደኛ፣ የሚደረገው ነገር ከታሪኩ በፊት ይምጣ፤ ውሻው እየተንቀጠቀጠ ያለ አድማጭ ዳራ አይፈልግም። ሁለተኛ፣ የማይደረገውን በስሙ እንጥራ፤ "ባህላዊ ዘዴዎችን ያስወግዱ" ማለት ማንንም አያስቆምም፣ "ወተት አትስጡ" ግን ያስቆማል። ሦስተኛ፣ ቁጥር ስንጽፍ አሃዱን አንርሳ፤ ሚሊ ግራም በግራም ቢሳሳት በሺህ እጥፍ ነው የምንሳሳተው።

"ውሻ ነው እኮ" የሚለን ሰው ቢኖር አንከራከረው። ውሻው የዋጠውን ክኒን ነገ የእሱ ልጅ ልታገኘው እንደምትችል እንንገረውና ሳጥኑን አብረን እንቆልፍ። የአካባቢያችሁን የእንስሳት ክሊኒክ ስልክ ዛሬ መዝግቡ፤ እናታችሁ የሚወስዱትን መድኃኒት ስምም ጠይቁ። ቸር ይግጠመን።